ቢግ ቦይ ወይስ 52ቱ? የእንፋሎት ጭነት ባቡር ሞዴል ለምትገዙ

ሀዲዱ ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ ባቡር የሚወድ ልጅ በዝቷል፣ አባቶች ይደውላሉ፣ አጎቶች ይደውላሉ፣ ጥያቄው አንድ ነው፣ "የትኛውን ሞዴል ላስመጣለት?" ሁሉም በልቡ የያዘው ደግሞ ቢግ ቦይን፣ የአሜሪካውን ትልቅ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያ ጥቁር ግዙፍ እያጓራ ሲያልፍ አይተውታል፣ በቃ ልባቸው ሄዷል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ እዚህ ልጻፈውና የምትገዙ ሰዎች አንብቡት።

ከወዲሁ ልናገር፣ የኔ ምርጫ የጀርመኑ የጭነት ሎኮሞቲቭ 52 ነው (ቁጥሩ የዓይነቱ ስም ነው)፣ እሱ ከጠፋ ታላቅ ወንድሙ 50። ቢግ ቦይን የምመክረው ሰፊ ክፍልና የማያልቅ ብር ላለው ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ብሩን እናውራ። የማወራው ስለ ኤችኦ መጠን ነው፣ ከእውነተኛው 87 ጊዜ የሚያንሰው፣ ሀዲዱ 16.5 ሚሊሜትር የሆነው። አዲስ ቢግ ቦይ ድምፅ ያለው ሲሆን እኔ ሳይ ከ500 እስከ 700 ዶላርና ከዚያም በላይ ይጠሩበታል፣ አሮጌ ሞዴል ያገለገለ ከተገኘ 200 ምናምን። 52ቱ ያገለገለው ከ80 እስከ 120 ዩሮ ይገኛል፣ አዲሱ ግን እሱም ረከሰ አይባልም፣ 250 ይነካል ያልፋልም። ዶላሩንና ዩሮውን ዛሬ ባለው ምንዛሪ ራሳችሁ ምቱት፣ እኔ ዛሬ በብር ብጽፈው ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ደግሞ ዘመድ ነው የሚልክልኝ ነፃ ነው የምትሉ፣ የሻንጣ ኪሎ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ ዘመዱም ቢሆን ሰርቶ ያመጣው ብር ነው።

ዋጋው ግን በሎኮሞቲቩ አያልቅም፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋር ነው። ቢግ ቦይ እውነተኛው ከነቴንደሩ (ከኋላ ከሚጎተተው የከሰልና የውሃ መጫኛ ጋር) 40 ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው፣ በኤችኦ 46 ሴንቲሜትር ይሆናል። ጠባብ ኩርባ አይወድም፣ እንደ ሞዴሉ 457 ወይም 559 ሚሊሜትር ራዲየስ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ዞሮ የሚመለስበት ጠረጴዛ ስፋቱ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 መሆን አለበት። ደሴ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይሄን የት ልታስቀምጡት ነው? 52ቱ ደግሞ 26 ሴንቲሜትር ነው፣ አብዛኛው ሞዴል በ360 ሚሊሜትር ኩርባ ይዞራል፣ 80 ሴንቲሜትር ጠረጴዛ ይበቃዋል። የእንጨቱንና የአናጢውን ዋጋ ስትደምሩበት ልዩነቱ ይገባችኋል። ቢግ ቦይ በጠባብ ኩርባ ባይወድቅ እንኳ አፍንጫው ወደ ውጪ ይወጣና የዋሻውን አፍ ይመታል፣ ጎን ያለው ሀዲድ ላይ የቆመ ፉርጎ ካለ ገፍቶ ይጥለዋል።

ይሄ ነገር ከእውነተኛዎቹ አሰራር የመጣ ስለሆነ ትንሽ ላስረዳ። የጭነት ሎኮሞቲቭ የሚነድፍ ኢንጂነር ሁሌም የሚታገለው ከሶስት ነገር ጋር ነው፣ ሀዲዱ በአንድ አክስል ስንት ቶን ይችላል፣ ኩርባው ምን ያህል ይጠባል፣ ቦይለሩስ፣ ውሃው የሚፈላበት ጋን ማለት ነው፣ ምን ያህል እንፋሎት ያወጣል። የሚነዳው ጎማ ሲያንስ የመጎተት ጉልበቱ ይጨምራል ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ሲኖትራክ ሲሚንቶ ጭኖ የሀረጎን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እንደሚወጣው ማለት ነው፣ ሎኮሞቲቩ ግን ማርሽ አይቀይርም፣ በተሰራበት ጎማ ነው እስከ መጨረሻው የሚኖረው። ጎማው እንዳይንሸራተት ደግሞ ክብደት ያስፈልገዋል፣ ክብደቱ ሲበዛ በብዙ አክስል መከፋፈል አለበት፣ አክስሉ ሲበዛ ሎኮሞቲቩ ይረዝምና ኩርባ ላይ ይገግማል።

እዚህ ጋር መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አናቶል ማሌ የሚባል ሰው በ1884 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ሞተሩን ለሁለት ከፍሎ የፊተኛው ግማሽ እንዲተጣጠፍ የሚያደርግ ሃሳብ አስመዘገበ፣ እንፋሎቱም መጀመሪያ ከኋላ ሰርቶ ከዚያ ወደፊት ሄዶ እንደገና ይሰራል። አሜሪካ በ1904 የራሷን የመጀመሪያ ሰራችና ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አጣች። በ1925 ደግሞ ላይማ የሚባለው ፋብሪካ ኢንጂነሩ ዉዳርድ እሳት ማንደጃውን አስፍቶ ከስሩ አራት ጎማ ሰጠው፣ ጎትቶ መነሳት ብቻ ሳይሆን እየሮጡ መጎተት የሚቻለው ቦይለሩ እንፋሎት ካላጠረው ነው ብሎ። የነዚህ ሁሉ ልጅ ነው ቢግ ቦይ። በ1941 ዩኒየን ፓሲፊክ ለሚባለው የአሜሪካ የባቡር ኩባንያ ተሰራ፣ ዩታ ውስጥ ያለውን የዋሳች ዳገት ያለ ረዳት ሎኮሞቲቭ 3,600 ቶን ይዞ እንዲወጣ፣ ዳገቱ ከመቶ 1.14 ነው። 16 የሚነዱ ጎማዎች፣ አራት ሲሊንደር፣ ማንደጃው ስፋቱ 14 ካሬ ሜትር፣ የብዙ ሰው ሳሎን አያክልም። ወላሂ የሚደነቅ ነው፣ ማንም አይክድም። ግን 25 ብቻ ነው የተሰራው።

ጀርመኖቹ በሌላ መንገድ ሄዱ። አስር የሚነዱ ጎማዎች በአንድ ሻንሲ ላይ፣ ጎማው 1,400 ሚሊሜትር፣ በአንድ አክስል 15 ቶን ገደማ ብቻ፣ ስለዚህ ደካማ ሀዲድ ላይም ይሄዳል። በ1939 የወጣውን 50 ወሰዱና ጦርነቱ ሲጠና ማጌጫውን ሁሉ አነሱለት፣ የሚቆጠበውን ብረት ቆጠቡ፣ በ1942 52 ሆኖ ወጣ፣ ከ6,000 በላይ ተሰራ። በአስቸጋሪ ጊዜ በፍጥነት እንዲሰራ፣ የትም እንዲጠገን ታስቦ የተነደፈ ስለሆነ ነው የምወደው። ቱርክም ወስዳ ሰርታበታለች፣ የኛን የአዋሽ ኮምቦልቻ ሀራ ገበያን ሀዲድ የዘረጋው ኩባንያ አገር ማለት ነው።

ሞዴሉ ላይም ይሄው ይታያል። 52ቱ አንድ ሻንሲ፣ አንድ ስብስብ ጥርስ፣ የሚተጣጠፍ ነገር የለውም። ቢግ ቦይ ሁለት ሞተር ያህል ስራ አለው፣ ዘንጉ የሚተጣጠፍበት መገጣጠሚያ አለው፣ ዘንግና ክራንኩ እጥፍ ነው፣ የሚበላሽበትም ቦታ እጥፍ ነው።

ኮፒውን ተጠንቀቁ። የአሜሪካኑን ስም ለጥፎ የሚሸጥ የፎርጅድ ቢግ ቦይ አለ፣ ፎቶው ላይ ያምራል። የመጣለት አንድ ወዳጄ ጋር ገልብጬ አየሁት፣ የፊተኛው የጎማ ስብስብ ከቦዲው ጋር በብሎን ታስሮ ድርቅ ብሏል፣ አይዞርም። ቀጥታ ይሄዳል፣ ኩርባው ጋር ሲደርስ ይወድቃል። ኋላ ያሉት ስምንት ጎማዎች ሀዲዱን አይነኩም፣ ቁጥሩም 4014 ብለው ጽፈውበታል፣ በ2019 ታድሶ ሀዲድ ላይ የተመለሰው የእውነተኛው ቁጥር። ቪዲዮ በኩርባ ላይ ካልላከ ሻጭ አትግዙ።

ትራንስፎርመር። ደሴ ያለ ሌላ ወዳጄ ከአሜሪካ የመጣ ሙሉ የባቡር ስብስብ ተቀበለ፣ ቢግ ቦይ ስለሆነ ስብስቡም የአሜሪካ ነው፣ ትራንስፎርመሩ 120 ቮልት፣ 220 ላይ ሰካው፣ ጭስ። ሞባይል ሰሪው ጋር ወሰደው፣ ሰሪው ከፈተው፣ ጥቅልሉ ጠቁሯል፣ የሚሆን ነገር አልነበረም። ከአውሮፓ የሚመጣው 230 ስለሆነ ከኛ መብራት ጋር ይስማማል፣ ይሄ ብቻውን 52ን ለመምረጥ ይበቃል።

ግን 52 ስትገዙ አንድ ወጥመድ አለ፣ ማርክሊን የሚባለው የጀርመን ሞዴል ኩባንያ የሚሰራው ለራሱ ሲስተም ነው፣ ኤሌክትሪኩን ከሀዲዱ መሃል በታች በኩል የሚወስድ። ተራ ሁለት ሀዲድ ላይ ብታደርጉት ጎማዎቹ ሾርት ያደርጋሉ። ማርክሊን መጥፎ ነው አላልኩም፣ ከገዛችሁ ግን ሀዲዱንም የሱን ግዙ። ሌላ ኩባንያ ከሆነ ሻጩን "ባለ ሁለት ሀዲድ ዲሲ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት።

ጥገናው ላይ ስትመጡ አብሽሩ፣ ሞተሩ ብዙ ጊዜ አይደለም የሚሞተው። ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ካርቦን ያልቃል፣ አቧራ ይገባበታል፣ በተለይ ኮምቦልቻ። ሀዲዱን በአልኮል ጥረጉት እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ጭረቱ ቆሻሻ ይይዝና ጭራሽ ይብሳል። ጎማው ላይ ያለው የላስቲክ ቀለበት ያልቃል፣ ስትገዙ አብራችሁ እዘዙት፣ ርካሽ ነው፣ እዚህ ግን የለም። ትልቁ በሽታ አክስሉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ መሰንጠቁ ነው። በሱፐር ግሉ የሚያጣብቁ አሉ፣ አይዝም፣ ያ ፕላስቲክ ሙጫ አይቀበልም። ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ ከነሐስ አስቆርጡልኝ ብትሉ ይሰሩላችኋል፣ ግን ጥርሱ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ብዙ ቶርኖ ቤት እሺ አይልም፣ እሺ ያለውም ለአንድ ጥርስ ከምትጠብቁት በላይ ይጠይቃል። ለ52 አንድ ጥርስ ሊሆን ይችላል፣ ለቢግ ቦይ ስንት እንደሆነ ሲከፈት ነው የሚታወቀው።

የቻይናውን የጭነት ሎኮሞቲቭ ኪውጄን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። እሱም አስር የሚነዱ ጎማ ነው፣ ከ1956 እስከ 1988 የተሰራ፣ ከ4,700 በላይ፣ ሞዴሉ ከተገኘ ጥሩ ነው፣ ግን መለዋወጫው ከ52 ይልቅ ይጠፋል። ቦታ የሌለው ሰው ደግሞ ወደ ኤን መጠን ይሂድ፣ ሀዲዱ 9 ሚሊሜትር ነው፣ ለትንሽ ልጅ እጅ ግን አይሆንም።

ያገለገለ ስትገዙ እቃው እጃችሁ ሲገባ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ሎኮሞቲቩን አንሱና የሚነዳውን ጎማ በጣታችሁ ለማዞር ሞክሩ። ደህና ከሆነ አብዛኛው አይዞርም፣ ከሞተሩ የሚመጣው ጠመዝማዛ ጥርስ ይይዘዋል። ያለችግር ከዞረላችሁ ጥርሱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፣ ዋጋውን ያስቀንሱ ወይ ይተዉት።