«በ0.001 ግራም ይመዝናል» የሚባለውን የኪስ ሚዛን ለኦፓል አትግዙ

የደላንታ፣ የደሴና የኮምቦልቻ የኦፓል (የከበረ ድንጋይ) ነጋዴዎች፣ ቆፋሪዎችም ጭምር፣ ይህችን ሳታነቡ ሚዛን እንዳትገዙ። ካርቶኑ ላይ «እስከ 100 ግራም፣ በ0.001 ግራም» የሚል የኪስ ሚዛን፣ በ0.01 ግራም ከሚያሳየው ከተራው በጣም በሚበልጥ ዋጋ ይሸጣል። ልዩነቱ የሚከፈለው ስክሪኑ ላይ ለምትጨመር አንዲት አሃዝ ነው፤ ያቺን አሃዝ ደግሞ ሚዛኑ የሚያገኛት በመለካት ሳይሆን በማባዛት ነው።

ከሳህኑ ሥር አንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ዘንግ አለች። ክብደት ሲያርፍባት በዓይን በማይታይ መጠን ትጎብጣለች፤ ላይዋ ላይ የተለጠፉት ስሱ የብረት መስመሮች (ስትሬን ጌጅ ይባላሉ) ሲሳቡ የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው ይለወጣል፤ ከዚህ የሚወጣው ጥቂት ሚሊቮልት በቺፑ ውስጥ ወደ ቆጠራ ይቀየራል። ቺፑ ግራም የሚባል ነገር አያውቅም። ለ100 ግራም 50,000 ይቆጥራል እንበል፤ አንዷ ቆጠራ 0.002 ግራም ሆነች ማለት ነው። 34.716 ብሎ ማሳየት አምራቹን ምንም አያስወጣውም፤ መጨረሻ ባለችው 6 ቦታ ግን የእውነተኛው ክብደት አሃዝ 5ም 7ም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሚዛን ላይ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ ብታዩት የመጨረሻዋ አሃዝ 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ላይ ብቻ ትዘላለች፤ ጎዶሎ ቁጥር አታሳይም። አንዳንዱ ጭራሽ 0 እና 5 ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ የምትሠሯት ሂሳብ አለች፦ ትልቁን ጭነት ለትንሿ አሃዝ አካፍሉ። 100ን ለ0.001 ስናካፍል 100,000 ክፍልፋይ (ሚዛኑ ሊለየው የሚገባ እርከን) ይመጣል። ብዙው የሱቅ ሚዛን 3,000 ክፍልፋይ አካባቢ ነው፤ በዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ (የመለኪያ ሕግ) ምክረ ሐሳብም የተራ ንግድ ሚዛን ደረጃ ጣሪያው 10,000 ነው። 100,000 የላብራቶሪ ሚዛን ሥራ ነው፤ እሱም በመስታወት ተከልሎ፣ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ። ሚሊግራም የሚለዩ ትንንሽ ሚዛኖች የሉም አልልም፤ አሉ። ግን አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያቸው 20 ወይም 50 ግራም ነው፣ ነፋስ የሚከላከል ክዳን አላቸው፣ ማስተካከያ ክብደትም (ልኩ አስቀድሞ የታወቀ ክብደት) አብሯቸው ይመጣል። ክዳንም ክብደትም ሳይኖረው 100 ግራም የሚሸከም ከሆነ እጃችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።

ሻጩ ሙከራ ከፈቀደ፣ ካልፈቀደም ነገሩ ገብቷችኋል፣ አንድ ኤ ፎር ወረቀት በቂ ነው። ባለ 80 ግራሙ ወረቀት (80 የሚባለው የአንድ ካሬ ሜትር ክብደቱ ነው) አንዱ ቅጠል 5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ኤ ፎር የካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ። ወረቀት እርጥበት ስለሚስብ ሚዛን ለማስተካከል አይሆንም፤ ለማጋለጥ ግን ይበቃል። አራት ጊዜ እኩል እየከፈላችሁ 16 ቁራጭ አድርጉት፤ አንዱ 0.31 ግራም ገደማ ይሆናል። ሚዛኑ ላይ 20 ግራም የሚሆን ማንኛውንም ነገር አስቀምጡና ቁራጮቹን አንድ በአንድ ጨምሩ። በመጨረሻ የተጨመረው ድምር ወረቀቶቹ አንድ ላይ ሲመዘኑ ከሚሰጡት ጋር መግጠም አለበት። ቀጥሎ ባዶውን ሚዛን ከፍታችሁ ጥፍር የምታህል ብጣሽ ወረቀት ቀስ ብላችሁ ጣሉበት። 0.000 እንዳለ ከቀረ ሚዛኑ ዜሮውን ራሱ እያስተካከለ ትንሹን ክብደት ይውጣል። ስክሪኑ ረግቶ የሚታየው በዚህ ዘዴ ስለሆነ መርጋቱን የጥራት ምልክት አታድርጉት።

አንድ ድንጋይ አሥር ጊዜ እያነሳችሁ መልሱት፣ ንባቡን ጻፉት። ከ3.45 እስከ 3.49 ከዋዠቀ ሦስተኛዋ የነጥብ አሃዝ ጌጥ ናት፣ ሁለተኛዋም የምትጠረጠር ናት። ያንኑ ድንጋይ በሳህኑ አራት ማዕዘኖችም አስቀምጡት፤ ዳር ላይ ሲሆን ቁጥሩ የሚለወጥ ሚዛን ብዙ ነው።

ሲከፈት ሁሉንም 8 አድርጎ ማሳየቱንም ልብ በሉ። እያንዳንዷ አሃዝ የተሠራችው ከሰባት ጭረት ነው፤ የላይኛው ጭረት ከሞተ 7 ቁጥር 1 ሆኖ ይታያል፣ የመሃሉ ከሞተ 8 ቁጥር 0 ይሆናል። ቀልድ አይደለም፣ ዋጋ ላይ ይወጣል።

አሁን ወደ ወሎ እንምጣ። እነዚህ ሚዛኖች በአብዛኛው የሚስተካከሉት ፋብሪካቸው ባለበት፣ በቻይና ቆላማ ጠረፍ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ስለሆነች የመሬት ስበት እዚህ ትንሽ ይደክማል። ሳይስተካከል የመጣ ሚዛን 100 ግራሙን በ0.1 ግራም ገደማ፣ ማለትም በከበረ ድንጋይ መለኪያ በግማሽ ካራት፣ አጉድሎ ያነባል። የደላንታ አምባ ደግሞ ከደሴም ከፍ ይላል። ከደሴ ኮምቦልቻ መውረድ እንኳ 100 ግራም ላይ ከ0.01 በላይ ያመጣል፤ «0.001» ለተባለ ሚዛን ይህ ከአሥር አሃዝ በላይ መዛነፍ ነው። ስለዚህ የማስተካከያ ክብደት የሌለው ሚዛን እዚህ አገር ግማሽ ዕቃ ነው። ክብደቱም ደረጃ አለው፤ ኤም 1 የሚባለው የ100 ግራም ክብደት ራሱ እስከ 0.005 ግራም እንዲሳሳት ይፈቀድለታል።

ከሁሉ የሚብሰው ኦፓሉ ራሱ ነው። የደላንታው የወገል ጤና ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ የቆየ ድንጋይ እንደ ዓይነቱ እስከ አንድ አሥረኛ የሚደርስ ክብደት ሊጨምር ይችላል። 3.47 ግራም ደረቅ ድንጋይ ረጥቦ 3.80 ሊያሳያችሁ ሲችል፣ ለሦስተኛዋ የነጥብ አሃዝ ገንዘብ መክፈል ምን ይባላል? ሲረጥብ ብርሃን አሳላፊ ስለሚሆን፣ ጠርቶ በመታየቱ የተጠረጠረውን ድንጋይ መዝናችሁ፣ ደረቅ ቦታ አቆይታችሁ ደግማችሁ መዝኑ። የ0.01 መቀነስ ማስረጃ አይሆንም፣ ሚዛኑ ራሱ ይዋዥቃልና፤ የ0.1 መቀነስ ግን ውሃ ነው።

አጻጻፉም ላይ እየተበላ ነው። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነው። 3.472 ያለውን ድንጋይ ሚዛኑ በካራት 17.360 ብሎ አምስት አሃዝ ይደረድራል። ንባቡ በ0.02 ግራም የሚዋዥቅ ከሆነ ግን በካራት 0.1 ነው፤ ጉልህ (የሚታመኑት) አሃዞቹ ሦስት ብቻ ናቸው፣ 17.4 ተብሎ መጻፍ አለበት። የምታጠጋጉትም አንዴ፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ ግራሙን 3.5 አድርጎ በ5 የሚያባዛ ሰው 17.5 ያገኛል፤ 0.14 ካራት ከሰማይ ወረደ ማለት ነው። ድንጋዮችን አንድ በአንድ መዝኖ መደመርም ሻጩን ይጎዳል፦ ትርፉን አጠጋግቶ ሳይሆን ቆርጦ የሚጥል ባለ 0.01 ሚዛን በአማካይ በእያንዳንዷ 0.005 ይበላል፣ በ20 ድንጋይ 0.1 ግራም። ዋጋቸው አንድ ዓይነት ከሆነ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጡ።

ቀድማችሁ የገዛችሁ፣ አብሽሩ፣ አትጣሉት። ባትሪውን ቀይሩ፣ ከፍታችሁ ጥቂት ደቂቃ አቆዩት፣ በ100 ግራም ክብደት እዚያው በምትሠሩበት ቦታ አስተካክሉት፣ ከዚያ የመጨረሻዋን አሃዝ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኑና እንደ ባለ 0.01 ሚዛን ተጠቀሙበት። ልትገዙ የምታስቡ ደግሞ ባለ 100 ግራሙን፣ በ0.01 የሚያሳየውን ገዝታችሁ የተረፈውን ብር ለማስተካከያ ክብደት አውሉት።