ደብረ ብርሃን ላይ መኪና የምታሳጥቡ፣ ይህን ልጅ አትለፉት

ደብረ ብርሃን መኪናችሁን ላቫጆ የምታስገቡ ሰዎች፣ በተለይ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ያለው መኪና የያዛችሁ፣ ይህን ጽሁፍ አንብቡልኝ። በሬሳ ወንዝ አካባቢ መኪና የሚያጥብ አንድ ወጣት አለ። በአደባባይ ላመሰግነው ፈልጌ ነው የጻፍኩት። «መኪና ማጠብ ምን ሙያ አለው?» የሚል ሰው የዚህን ልጅ አሠራር ቆሞ ቢያይ ሐሳቡን ይቀይራል።

የኛ አገር መንገድ መቼም ይታወቃል። ከመንዝ ወይም ከገጠር ቀበሌ የተመለሰ መኪና በበጋ አቧራ ለብሶ፣ በክረምት ጭቃ ተለስኖበት ነው የሚገባው። ጣርማበር ላይ ጭጋግ ከያዘው ደግሞ አቧራው ረጥቦ ይጣበቃል። አቧራ ማለት የደቀቀ ድንጋይ ነው። እሱን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። ከቀለሙ በላይ ያለው ቀለም አልባ መከላከያ ሽፋን ደግሞ በጣም ስስ ነው፤ አብዛኛው መኪና ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሃያኛ ገደማ ቢሆን ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ኮፈኑ ላይ ክብ ክብ እየሠራ የሚታየው ቀጫጭን ጭረት አብዛኛው የሚመጣው ከእጥበት ነው። አንድ ቦታ ቸርኬ ያሹበትን ስፖንጅ በዚያው ወደ በሩ ሲያመጡት አይቼ አንጀቴ አርሯል።

ይህ ልጅ ግን መጀመሪያ መኪናውን በእጁ አይነካውም። ውሃ ብቻ ነው የሚለቅበት፣ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች። የደረቀ ጭቃ ካለ አርሶት እስኪለሰልስ ይጠብቃል። የውሃ መርጫ ማሽኑንም ቀለሙ ላይ አይደቅነውም፤ ራቅ አድርጎ ነው የሚረጨው። አንድ ደንበኛ ቶሎ እንዲጨርስለት ሲወተውተው ሰምቼ ነበር። «ጋሼ፣ አፈሩ ሳይወርድ ጨርቅ አላስነካም፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አለው። አነጋገሩ በትሕትና ነው፤ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሁለት ባልዲ አለው። አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የንጹሕ ውሃ። ጨርቁን ሳሙናው ውስጥ ነክሮ አንድ በር ያጥባል። ከዚያ ንጹሑ ውሃ ውስጥ አለቅልቆ፣ ጨምቆ ነው ወደ ሳሙናው የሚመልሰው። ሲጨርስ ጎንበስ ብላችሁ የማለቅለቂያውን ባልዲ ሥር እዩት። ከታች ደቃቅ አሸዋ ተኝቶ ታገኛላችሁ። በአንድ ባልዲ ቢሠራ ኖሮ ያ ሁሉ ተመልሶ ቀለማችሁ ላይ ሊታሽ ነበር።

እጁም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ አያሽከረክርም፣ አይጫንም። ጨርቅ መሬት ከወደቀበት አራግፎ አይጠቀምበትም፤ የጎማ ማጠቢያ ጨርቆች ወዳሉበት ይወረውረዋል። ጎማና ቸርኬ የራሳቸው ብሩሽና ጨርቅ አላቸው። እሱን ካየሁ ወዲህ ሌላ ቦታ ስሄድ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ነው።

ኦሞም ሆነ የዕቃ ሳሙና አይጠቀምም፤ የመኪና ሻምፖ ነው የሚይዘው። የዕቃ ሳሙና ቅባት ለማስለቀቅ ስለተሠራ ቀለሙን እንዲጠብቅ የተቀባውን ዋክስ ይዞት ይሄዳል። ደግሞ ጥላ ሥር ካልሆነ አይጀምርም። ከተማችን ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ብርዱ ቢያንቀጠቅጥም የቀትር ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። በጋለ ኮፈን ላይ ሳሙናው ሳይለቀለቅ ይደርቅና ነጠብጣቡ ይቀራል። ማድረቁንም በማይክሮፋይበር ፎጣ ነው፤ ዘርግቶ ያሳርፈዋል፣ ውሃውን ይመጥለታል፣ ያነሳዋል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ጣት በሚያደነዝዝ ውሃ፣ ይህን ሁሉ ደረጃ ሳይዘል የሚሠራ ልጅ ነው። ማንም በማያየው የበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ እንኳ ያው ነው። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ከልቤ አመሰግንሃለሁ።

ዋጋው ከሌላው ጨመር ይላል፤ ለእኔ ግን ሲያንሰው ነው። የተጫረ ቀለም ለማስፖለሽ የሚወጣውን ገንዘብ የሚያውቅ ሰው አይከራከረውም። ጊዜም ይወስዳል፤ ስለዚህ «አሁኑኑ ጨርስልኝ» ብላችሁ አታስቸኩሉት።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ቅዳሜ ወረፋ ስለሚበዛ በሥራ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። መኪናው ላይ የወፍ ኩስ ካለ ገና ስትደርሱ አሳዩት። ቀለም ስለሚበላ ሳይነሳ መቆየት የለበትም፤ እሱ ደግሞ አይፍቀውም፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ካለሰለሰ በኋላ ነው የሚያነሳው።