ናንዲግራም ወይስ ባባኒፑር? የማማታ ባነርጂ ሁለት የምርጫ ክልሎች

የህንዷን ዌስት ቤንጋል ፖለቲካ በአንድ የምርጫ ክልል ልረዳ ለሚል ሰው እኔ ናንዲግራምን ነው የምለው። ባባኒፑር የግዛቷ ዋና ከተማ ኮልካታ ውስጥ ያለ፣ በ2011 የግዛቷ ዋና ሚኒስትር የሆነችው የማማታ የራሷ ሰፈር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በማሟያ ምርጫ ከዚያ ተመርጣ የግዛቷ ምክር ቤት ገባች፣ በ2016 ደገመች፣ በቃ። ናንዲግራም ግን ገጠር ነው፣ በ2007 የግዛቷ የግራ መንግስት ለኬሚካል ፋብሪካ መሬት ሊወስድ ሲል ገበሬው እምቢ አለ ፖሊስም ተኩሶ ቢያንስ 14 ሰው ገደለ፣ ያ ቁጣ ነው በ2011 ያንኑ 34 አመት የገዛ መንግስት ለመጣል ማማታን የረዳት። በ2021 እዛው ሄዳ ስትወዳደር ግን ድሮ የራሷ ሰው የነበረው ሱቬንዱ አዲካሪ ተቀናቃኙ ፓርቲ ቢጄፒ ገብቶ በ1,956 ድምፅ አሸነፋት! ፓርቲዋ አሸንፎ እሷ ወንበር አጣች፣ በ6 ወር ውስጥ ለምክር ቤቱ ካልተመረጠች ደሞ ዋና ሚኒስትርነቱ ይቀርባት ነበር። የባባኒፑሩ ተመራጭ ወንበሩን ለቀቀላትና በመስከረም ማሟያ ምርጫ በ58,835 ድምፅ ልዩነት ተመለሰች።