ፓወር ቢአይ በመለዋወጫ አስመጪ ቤት፦ ከፋይናንስ ክፍል የተጻፈ ግምገማ

የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ድርጅት ፋይናንስ ኃላፊ ነኝ። እዚህ የምገመግመው ፓወር ቢአይ ከተለያዩ ፋይሎች መረጃ ሰብስቦ በሠንጠረዥና በግራፍ ሪፖርት የሚያወጣ የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ነው። መጋዘናችን ቃሊቲ፣ ዋናው ሱቃችን መርካቶ ሱማሌ ተራ ነው፤ አዳማና ሐዋሳም ቅርንጫፍ አለን። ሒሳቡን ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም፣ ንብረቱን በኤክሴል ነው የምንይዘው። የወሩ ሪፖርት ወሩ ከተዘጋ በኋላ ቢደርስም ማንም ቅር አይለውም ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቀው ግን ያ አሠራር አላዋጣም። በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የድርጅቱ ባለቤት በየጠዋቱ አንድ ጥያቄ ይዘው ይገቡ ጀመር፦ «ትናንት የሸጥነውን ፍሬን ሸራ በዛሬው ዶላር መልሰን እናስመጣዋለን ወይ?» መዝገባችን የተገዛበትን ዋጋ እንጂ የሚተካበትን አያውቅም። በሒሳብ ትርፍ የሚያሳይ ሽያጭ ካፒታላችንን እየበላ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ የወር መጨረሻ እስኪደርስ የሚጠበቅ ጉዳይ አይደለም። ፓወር ቢአይ እኛ ቤት የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ድርጅት ስላስገባ ብቻ የሚገዛው ቤትም አለ፤ እዚያ ስክሪኑ ያምራል፣ ዋጋ የሚቆርጠው ሰው ግን አያየውም።

ፕሮግራሙ ለሕዝብ የቀረበው በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዴስክቶፑ በነፃ ይወርዳል፣ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ብቻ ነው። በጣም የወደድኩት ፓወር ኩዌሪ የሚባለውን ክፍል ነው። ከፒችትሪ የወጣውን የኤክሴል ፋይል እንዴት እንደሚያጸዳ አንድ ጊዜ ካሳየሁት፣ በማግስቱ አዲሱን ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ገንዘብ ያዧ ጠዋት የባንኩን ተመን ትመዘግባለች፤ ከዚያ እያንዳንዱ ዕቃ ከመተኪያ ዋጋው በላይ ይሁን በታች እየተሸጠ በቀለም ተለይቶ ይወጣል። ባለቤቱ አሁን ዋጋ የሚቆርጡት ይህን አይተው ነው።

ከባዱ ሥራ ፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም። አንዱ ኩሽኔታ ቃሊቲ «ኩሽኔታ 6204»፣ አዳማ «ቤሪንግ 6204»፣ ሐዋሳ ደግሞ «6204 ቦል» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። ፊልትሮውም፣ ካንዴላውም እንደዚሁ። ይህን ወደ አንድ ኮድ ያመጣው የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ መደርደሪያ በመደርደሪያ እየዞረ፣ ዕቃውን በእጁ እያነሳ። ሲስተም የሚሸጡ ባለሙያዎች የዚህን ሥራ ክብደት ቢናገሩ ደስ ይለኛል፤ እኛ ጋ የመጡት ስለ ካርታና ስለ ግራፍ ብቻ ነበር ያወሩት።

የቀን አቆጣጠሩ ጉዳይ ሌላ ራስ ምታት ነው። ዳክስ በሚባለው የቀመር ቋንቋ ውስጥ የተዘጋጁት የወር ስሌቶች የፈረንጅ ወር ነው የሚያውቁት። የበጀት ዓመት ማብቂያን መንገር ይቻላል፤ ሰኔ 30ን በ«ጁላይ 7» መተካት ነው። 30 ቀን ያለውን የእኛን ወርና ጳጉሜን ግን አያውቃቸውም፤ የራሳችሁን የቀን ሠንጠረዥ መሥራት አለባችሁ። እኛ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደርበነዋል። ለወሮቹ የተራ ቁጥር ዓምድ መስጠትም አትርሱ፤ አለዚያ በፊደል ተራ ስለሚደረድራቸው ከሐምሌ ቀጥሎ ነሐሴ ሳይሆን መስከረምና መጋቢት ይመጣሉ።

ክፍያው በዶላር ነው። ሪፖርቱን በኢንተርኔት ለማጋራት የሚያስፈልገው ፕሮ ፈቃድ ከሚያዝያ 2025 (በፈረንጆች) ጀምሮ ለአንድ ሰው በወር 14 ዶላር ሆኗል፤ በፊት 10 ነበር። በዚህ ደረጃ የሚያጋራውም የሚያየውም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለሁሉም ሻጭ አልገዛሁም፤ ለባለቤቱ፣ ለግዥ ክፍሉና ለቅርንጫፍ ኃላፊዎች ብቻ ነው። ለሻጮቹ የዋጋ ዝርዝሩን በፒዲኤፍ በቴሌግራም እልካለሁ። በፕሮ ሪፖርቱ በቀን እስከ 8 ጊዜ ራሱን ያድሳል፤ መረጃው ያለው ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ግን ጌትዌይ (የቢሮውን መረጃ ኢንተርኔት ላይ ካለው ሪፖርት ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) የተጫነበት ማሽን መብራት ቢጠፋም መሥራት ስላለበት ዩፒኤስ ግዙለት።

ለእንደኛ ዓይነት ቤት እመክረዋለሁ። ሳትከፍሉ በነፃው ዴስክቶፕ የአንድ ቅርንጫፍ ሽያጭ አስገብታችሁ ሞክሩት፤ የዕቃ ኮዳችሁ ካልተስተካከለ ግን ፕሮ ለመግዛት አትቸኩሉ።