የበር ፓኔል በራስ እጅ ለማልበስ፦ ገንዘቡ የቱ ላይ ይውጣ?

የመኪናቸውን የበር ፓኔል፣ ማለትም የበሩን ብረት ከውስጥ የሚሸፍነውን ሰሌዳ፣ ራሳቸው ለማልበስ የተነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ፊቱ ላይ ለሚለብሰው ፕላስቲክ፣ ለቪኒሉ ነው። ቀለሙ፣ ስፌቱ፣ ቆዳ መምሰሉ። ዓይን የሚያርፈው እሱ ላይ ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ፓኔል የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባው ነው። ወይ ሰሌዳው ውኃ ጠጥቶ ይጣመማል፣ ወይ ማጣበቂያው በሙቀት ለቆ ጠርዙ ይነሣል። ስለዚህ በጀት ከጠበበ ከቪኒሉ ቀንሱና ለሰሌዳውና ለማጣበቂያው ጨምሩ ባይ ነኝ።

መጀመሪያ በራችሁን እዩት። አዲስ ሰሌዳ ቆርጦ ማልበስ የሚያዋጣው ጠፍጣፋ ፓኔል ላላቸው መኪኖች ነው፤ ለቆዩ አውቶሞቢሎች፣ ለፒክአፖች፣ ለጭነት ቫኖች። ጎድጓዳና ጉብታ የበዛበት የፕላስቲክ ፓኔል ከሆነ ሰሌዳ አትግዙ፤ ያንኑ አልብሱት። በሩ ውስጥ ኤርባግ ካለ ግን ጭራሽ አትንኩት።

ሰሌዳው

ዋናዎቹ ምርጫዎች ሃርድቦርድ (ከእንጨት ቃጫ ተጨምቆ የተሠራ ስስ ሰሌዳ)፣ ኮምፔንሳቶና ኤቢኤስ ፕላስቲክ ናቸው። በየትኛውም ቢሆን 3 ሚሊሜትር አካባቢ ይበቃል። ብዙ ከወፈረ ፓኔሉን የሚይዙት ክሊፖች የበሩን ብረት በደንብ አይነክሱም። የመስኮት ማዞሪያውም ቦታ ያጥረዋል።

ሃርድቦርድ ርካሽ ነው። በቀላሉ ይቆረጣል፣ ማስቲሽ ይወዳል። ብዙ የቆዩ መኪኖችም ከፋብሪካ የወጡት በእሱ ነው። ችግሩ ውኃ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር በመስታወቱ ጎማ በኩል አልፎ በር ውስጥ የሚወርድ ውኃ አይጠፋም፤ በሩ ከሥር ቀዳዳ ያለው ለዚሁ ነው። በብረቱና በፓኔሉ መካከል ያለው ላስቲክ ከተቀደደ ሃርድቦርዱ እንደ ተነከረ ዳቦ ያብጣል፤ የክሊፕ ቀዳዳዎቹም ይፈረካከሳሉ። እሱን ከመረጣችሁ በዘይት የጠነከረውን ዓይነት ፈልጉ። ጠርዙንና ቀዳዳዎቹንም ሳትረሱ ቫርኒሽ ቀቡት። ላስቲኩን መመለስ ደግሞ ለማንኛውም ሰሌዳ ግዴታ ነው። ብዙ ሰው ሥራ ያፋጠነ መስሎት ቀድሞ የሚጥለው እሱን ነው!

ኮምፔንሳቶ ከሃርድቦርድ ይጠነክራል፤ ስቴፕልም ይይዛል። ነገር ግን በ3 ሚሊሜትር ላይ ረጅም ስቴፕል ከተመታ በፊት በኩል ብቅ ብሎ ቪኒሉን ይበሳዋል፤ አጭሩን ግዙ። ወደ አንድ አቅጣጫ በቀላሉ ይለመጣል፣ ወደ ሌላው እምቢ ይላል። በራችሁ ትንሽ ጎበጥ ያለ ከሆነ ከመቁረጣችሁ በፊት የትኛው አቅጣጫ እንደሚለመጥ ሞክሩ። ሻጩንም ንብርብሩ ውኃ በሚቋቋም ሙጫ የተጣበቀ መሆኑን ጠይቁት።

ኤቢኤስ አይበሰብስም፣ አያብጥም። በካተር ደጋግሞ ጭሮ መስበር ይቻላል። ዋጋው ግን ከሁለቱ ከፍ ይላል። ስቴፕልም በደንብ አይዝም፤ ሥራው ሁሉ ማጣበቂያው ላይ ይወድቃል። ልሙጥ ስለሆነ በብርጭቆ ወረቀት ሸካራ ማድረግ ያስፈልጋል። የአንዳንድ ማስቲሽ ፈሳሽ ፕላስቲኩን ስለሚበላው በቁራጭ ላይ ሳትሞክሩ አትቀቡ።

ለረጅም ጊዜ ለምትይዙት መኪና ኤቢኤስ ይሻላል። ለመጀመሪያ ሙከራ ግን ሃርድቦርድ ውሰዱ፤ ቢበላሽ አያንገበግብም። ኤምዲኤፍ የሚመክራችሁ ካለ አመስግናችሁ እለፉት። ከባድ ነው፣ ውኃም አይችልም።

ቪኒሉ

ሱቅ ውስጥ ፊቱን ብቻ አትዩ፤ ገልብጡት። ጀርባው እንደ ሹራብ የተሠራ ከሆነ ይለጠጣል፣ ጥግ ላይ ሳይጨማደድ ይታጠፋል። የመኪና ቪኒል ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ጀርባው ድርና ማግ ሆኖ የተሸመነው ግን ለመለጠጥ ያስቸግራል። የጀልባ ቪኒል ፀሐይንና ሻጋታን እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ለሚከፈት ወይም ፀሐይ ላይ ለሚውል መኪና እሱን እመርጣለሁ። የሶፋ ቪኒል ቤት ውስጥ እንዲኖር ስለተሠራ ከመስኮት ሥር ቶሎ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ፒዩ ሌዘር የሚባለው ሰው ሠራሽ ቆዳ ነው። ሲዳሰስ ልስልስ ይላል፤ እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቁበት ግን እየተላጠ ይረግፋል።

ለሁሉም በሮች የሚበቃውን በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ጥቅል አስቆርጡ። በሌላ ቀን የሚመጣው ጥቅል ቀለሙ ትንሽ ሊለይ ይችላል። ለጠርዝ መጠቅለያም በየጎኑ 4 ሴንቲሜትር ያህል ጨምሩ።

ስፖንጁ

በሰሌዳውና በቪኒሉ መካከል ለሚገባው ስፖንጅ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ይበቃል። ተራው ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል፤ ቀዳዳው የተዘጋው ዓይነት አይጠጣም። ልዩነቱ ይሄው ነው።

ማጣበቂያው

የተለጠጠ ቪኒል ሁልጊዜ ወደ ቦታው ሊመለስ ይስባል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ ጠቆር ያለ ዕቃ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። ለወረቀትና ለዕደ ጥበብ የሚሸጠው ስፕሬይ ያን ጊዜ ይለሰልስና ይለቃል። ቪኒሉን ለስላሳ የሚያደርገው ዘይት መሰል ንጥረ ነገር ቀስ እያለ ወደ ሙጫው ሲገባም አንዳንዱን ሙጫ ያቀልጠዋል። ስለዚህ ጣሳው ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ሙቀት የሚችል መሆኑንና ለቪኒል እንደሚሆን የሚገልጽ ጽሑፍ።

በብሩሽ የሚቀባው ማስቲሽ ለጠርዝ ይመረጣል። ወፈር ብሎ ይይዛል፣ የትም አይበተንም። ሰፊው ላይ ግን ብሩሹ ጉብጉብ ይተዋል፤ ያ በስስ ስፖንጅ ላይ ያስታውቃል። ለሰፊው ሙቀት የሚችል ስፕሬይ፣ ለጠርዙ ማስቲሽ ብትገዙ አትቆጩም። ሁለቱም በሁለቱም ፊት ተቀብተው፣ እጅ የማይዝ እስኪሆኑ ከደረቁ በኋላ ነው የሚጋጠሙት። ሽታቸው ስለሚያዞር የምትሠሩበትን ክፍል በር ከፍታችሁ ሥሩ።

ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊት ከሰሌዳውም ከቪኒሉም ቁራጭ ውሰዱ። ወጠር አድርጋችሁ አልብሱትና አንድ ቀን ካደረ በኋላ መኪና ውስጥ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ተዉት። ጠርዙ ከተነሣ ሌላ ማጣበቂያ ፈልጉ።