ለማለዳ ሠራተኛ የትኛው ሙስሊ ይሻላል?

ሙስሊ፣ ማለትም ከተጨፈለቀ አጃና ከደረቅ ፍሬ የተቀላቀለውን የቁርስ ምግብ፣ የሚገዛ ሰው ስኳር ያልተጨመረበትን ተራውን ይግዛ። ይህን የምለው ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በነርስ ረዳትነት የምሠራ፣ ተረኛ በሆንኩበት ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ የምጀምር ሴት ነኝ። አረጋውያንን ከአልጋ ማንሳት፣ ማጠብና ማልበስ ጉልበት ይጠይቃል፤ አረፍ የሚባለው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሻይ በዳቦ እስከዚያ አያደርስም። ቁርስ አዘጋጅቶ ለመቀመጥ ደግሞ ጊዜ የለም። ሙስሊ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፤ ግን ሁሉም ሙስሊ አንድ አይደለም።

መደርደሪያው ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው «ክረንቺ» የተባለው ነው። አጃው በዘይትና በስኳር ወይም በማር ተለውሶ በምድጃ ስለሚጋገር እየተጓጎለ ይንኮሻኮሻል። ይጣፍጣል፤ አልክድም። ነገር ግን በ100 ግራም ውስጥ ከ20 ግራም በላይ ስኳር የተጻፈበት ማሸጊያ በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ይህ ለእኔ ብስኩት እንጂ ቁርስ አይደለም። ባቡር ጣቢያ አካባቢ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚሸጠው በኩባያ የተዘጋጀውም ብዙ አላስደሰተኝም። የገዛሁት ባለጣፋጭ እርጎ በዝቶበት አጃው በማንኪያ የሚፈለግ ነበር፤ ዋጋውም አንድ ሙሉ ከረጢት ደረቅ ሙስሊ ይገዛል።

እኔ የምይዘው ከሚግሮስ ወይም ከኮፕ ሱፐርማርኬት የሚገኘውን፣ ስኳር ያልተጨመረበትን ባለ500 ግራም ከረጢት ነው። ውስጡ የተጨፈለቀ አጃና ስንዴ፣ ዘቢብ፣ የሱፍ ፍሬና ተልባ አለው። ተልባ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ከቤት የማውቀው ነው። ማሸጊያው ላይ የይዘቱ ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ ስለሆነ፣ ዘቢብ ሁለተኛ ላይ ከተጻፈ ከረጢቱን መልሱት። የዘቢብ ክብደት ከግማሽ በላይ ስኳር ነው፤ ስለዚህ «ስኳር አልተጨመረም» የሚለው ጽሑፍ እውነት ሆኖም ሙስሊው ጣፋጭ ሊሆን ይችላል።

የሚገርመኝ ሙስሊ የተወለደበት ከተማ ውስጥ እየኖርን የመጀመሪያውን አሠራር መርሳታችን ነው። ማክሲሚሊያን ቢርኸር ቤነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1904 በዙሪክበርግ ኮረብታ ላይ የሕክምና ማዕከል ከፍቶ ነበር። ለሕሙማኑ የሚያቀርበው ሙስሊ በዋነኛነት ፖም ነበር፦ አንድ ትልቅ ፖም ከነልጣጩ ተፈቅፍቆ፣ በሦስት ማንኪያ ውኃ 12 ሰዓት የተዘፈዘፈ አንድ የሾርባ ማንኪያ አጃ ብቻ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ማንኪያ የቆርቆሮ ጣፋጭ ወተት፣ በላዩም የተፈጨ አልሞንድ። ዛሬ ከረጢቱ ይህን ገልብጦታል፤ አጃው ዋና፣ ፍሬው ጌጥ ሆኗል። የምንከባከባቸው እናቶች ግን አሁንም ፍሬ የበዛበትን ይወዳሉ፤ ማታ ለራት ከቅቤና ከዳቦ ጋር ይበሉታል። ቁርስ ብቻ ነው ብዬ ከእነርሱ ጋር አልከራከርም።

እኔ ሁለቱን አማካኝ አድርጌ እሠራለሁ። ማታ ከመተኛቴ በፊት 60 ግራም ያህል ሙስሊ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ፣ ወተት እስኪሸፍነው አፍስሼ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ጠዋት አንድ ፖም እፈቀፍቅበታለሁ፤ እንዳይጠቁር ወዲያው ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ። አልሞንዱን የምጨምረው ጠዋት ነው፤ ከማታው ከገባ ይለሰልስና ጣዕሙን ያጣል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ባቡር ውስጥም በማንኪያ መብላት ይቻላል። የሚያጠግበው በአብዛኛው ፋይበሩ ነው፤ 100 ግራም አጃ 10 ግራም ያህል ፋይበርና 13 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። አጃ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለው ፋይበር ደግሞ በቀን 3 ግራም ሲገኝ ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳል። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም በበዛበት በእኛ ማኅበረሰብ ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ስኳር ያለበት ሰው ግን ዘቢቡን ለቅሞ ያውጣ፤ መጠኑንም ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ለሚጾሙ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። ደረቅ ሙስሊ ሁሉ የጾም አይደለም። አንዳንዱ ውስጥ የወተት ዱቄት ወይም ከአይብ ሥራ የሚተርፈው የአጓት ዱቄት ይጨመራል፤ በጀርመንኛ «ሚልሽፑልቨር» ወይም «ሞልከ» የሚል ቃል ፈልጉ። አለርጂ የሚያስከትሉ ነገሮች ጎላ ባለ ፊደል ስለሚጻፉ በቶሎ ይታያሉ። በጾም ቀን በውኃ ወይም በአጃ ወተት ዘፍዝፌ ይዤ እሄድና ጾሙን ስፈታ እበላዋለሁ፤ ፖሙና ሎሚው ስላሉበት ወተቱ አይናፍቀኝም።

አዲስ አበባ ያለች እህቴ ከውጭ የሚገባው ሙስሊ ውድ ነው ስትለኝ አትግዢው አልኳት። ተራ የተጨፈለቀ አጃ፣ ጥቂት ዘቢብ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባና ኦቾሎኒ ራሷ ቀላቅላ በክዳን ዕቃ ታስቀምጣለች። ፖሙን የጨንቻ ታድርገው፤ ኮምጠጥ ያለው ለዚህ ይበልጥ ይሆናል። ፖም ከተወደደም ብርቱካን ወይም ሙዝ ይተካዋል፤ ሙዝ ከሆነ ግን ሎሚውን ጠንከር ታድርግበት።