የተክስን «ኦሪጅናል ፋይል» በ150 ዶላር እንዳትገዙ

የተክስን፣ ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ምልክት የሆነውን ፔንግዊን ማለቴ ነው፣ ሥዕሎችና ዕቃዎች ለምትሰበስቡ ሁሉ። ሰሞኑን አንድ ሻጭ በውስጥ መስመር እየመጣ «የአርቲስቱ የ1996 ኦሪጅናል ፋይል፣ ከብቸኛ ባለቤትነት ሰርተፊኬት ጋር» እያለ 150 ዶላር ይጠይቃል። የሚያናግረው ማህደር የምንይዝ ሰዎችን እየመረጠ ነው። ለእኔም ጽፎልኛል። አንድ ወዳጄ ከፍሎ ፋይሉን ስለተቀበለ አብረን አየነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፋይሉ ኤስቪጂ ነው፣ ማለትም ሥዕልን በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ መግለጫ (በቬክተር) የሚይዝ የፋይል ዓይነት። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ላሪ ኢዊንግ ተክስን በ1996 የሣለው በጊምፕ ነው፣ ያውም በ0.54ኛው ስሪት። ጊምፕ በፒክሰል፣ ማለትም በጥቃቅን የቀለም ነጥቦች፣ የሚሠራ የሥዕል ፕሮግራም ነው። ኤስቪጂ ደግሞ ስታንዳርድ ሆኖ የጸደቀው በ2001 ነው። በቬክተር የምናያቸው ተክሶች ሌሎች ሰዎች በኋላ የሠሯቸው ናቸው። ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ስንከፍተው ከላይ ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ «ኢንክስኬፕ» የሚል ቁጭ ብሏል። ኢንክስኬፕ የቬክተር ሥዕል መሥሪያ ፕሮግራም ሲሆን የተጀመረው በ2003 ነው። ሰውየው ይቺን እንኳ ለማጥፋት አልደከመም።

ሰርተፊኬቱ ይብሳል። ኢዊንግ ሥዕሉን ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲቀይረው ፈቅዷል። የፈለገው፣ ሰው ከጠየቀ እሱና ጊምፕ እንዲጠቀሱ ብቻ ነው። ለሁሉም የተሰጠን ነገር «የአንተ ብቻ ነው» ብሎ መሸጥ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ወረቀቱ ላይ ወርቃማ ማኅተም አለ፤ ፊርማው የማን እንደሆነ ግን የትም አልተጻፈም።

ጉዳቱ በገንዘቡ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍኩ። ወዳጄ ሰርተፊኬቱን አምኖ ሌሎች ሰብሳቢዎችን «ሥዕሌን ከማህደራችሁ አንሱ» ማለት ጀምሮ ነበር። ደንግጠው ያነሱ አሉ። ስንት ጊዜ የተለፋበት የስቲከርና የቲሸርት ስካን በአንድ የውሸት ወረቀት ጠፋ።

60 ዶላር ከጨመራችሁ ደግሞ «የመጀመሪያው የ1996 አሻንጉሊት» አለላችሁ። በላከልኝ ፎቶ ላይ፣ ክንፉ ሥር የተሰፋችው የእጥበት መመሪያ በስልክ የሚነበብ ኪውአር ኮድ አለባት። በ1996! ሳቄ መጣ።

ሻጩ በሚያቀርበው ጥቅል ውስጥ «ብርቅዬ ተክስ» የተባለው ቱዝ ነው። የፔንግዊን አፍ ያጠለቀ ታስማኒያን ዴቪል (የአውስትራሊያ አውሬ) ሲሆን በ2009 ለሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) 2.6.29 ስሪት ተክስን ተክቶ የወጣ ነው፤ ዓላማውም ሊጠፋ ለተቃረበው እንስሳ ትኩረት መሳብ ነበር። ብርቅም አይደለም፣ ተክስም አይደለም። የቢኤስዲ፣ የሌላው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ምልክት የሆነው ቀይ ሰይጣንም አብሮ ታጭቋል። እሱ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ የቅጂ መብቱ የማርሻል ከርክ ማኩሲክ ስለሆነ እንደ ተክስ ዝም ብሎ አይወሰድም። ከዚህ ሻጭ ገዝታችሁ ቲሸርት ላይ ብታትሙት ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

ገንዘብ የለኝም ካላችሁት «እንግዲያው የማህደርህን ፎቶዎች ከነመብታቸው ስጠኝና እንለዋወጥ» ይላል። በፍጹም እንዳትስማሙ! ነገ የራሳችሁን ፎቶ መልሶ ሊሸጥላችሁ ነው።

ክፍያውን «ለጓደኛ እንደሚላክ አድርጋችሁ ላኩ» የሚለውም ገንዘባችሁን መልሳችሁ መጠየቅ እንዳትችሉ ነው። በካርድ የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ባንካችሁ ጋ ደውሉና አቤቱታ አስመዝግቡ። ሥዕል ከማህደራችሁ ያነሳችሁም መልሱት። ቅጂ ያልቀራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ከፊሉ እኔ ጋ አለ።